ታፕራንዲች የላከችው ውሃ

ታፕራንዲች የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆና ስትመረጥ የተከራከረ አልነበረም። በኬንያ፣ በሮንጋይ ዙሪያ የወተት ቅል እንደ እሷ አጥቦና አጥኖ የሚያሰናዳ የለም፤ "እሷ ያጠበችው ዕቃ ይላሳል" ይባልላት ነበር።

ናኩሩ ከተማ ያለው የውሃ ምርመራ ክፍል መንደሩ የሚጠጣበትን የምንጭ ውሃ ናሙና እንድትልክ አዲስ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጣት። ክዳኑ ጥብቅ፣ መልኩ ጥርት ያለ ነው። ለውሃ ሰሰተችው። የማብሰያ ዘይት ሞላችበት። ለውሃው ደግሞ ጓሮ የተጣለ የፈሳሽ ማዳበሪያ ጀሪካን አንስታ፣ ጽሑፉን ፍቃ፣ ሰባት ጊዜ አጥባ፣ ሽታ ስታጣበት ሞልታ ላከች።

ውጤቱ መጣ፤ ከፍግም ከማዳበሪያም ወደ ውሃ የሚገባው ናይትሬት ከልክ አልፏል፣ ለሕፃናት አይሆንም። ሰዉ ሁሉ ከምንጩ በላይ ወዳለው የሽማግሌው የአራፕ ቢርገን የከብት በረት ዞረ።

"ፍግህን እያጠጣኸን ነው እንዴ?"

"አባቴም ከብቱን እዚሁ ነው ያረባው። ማን ሞተ?" አለ ሽማግሌው።

"ታዲያ ወረቀቱ ነው የሚዋሽ?" አለችው ታፕራንዲች በመንደሩ ጉባኤ ፊት።

ቢርገን በረቱን አፍርሶ ላሞቹን ሁለት ሰዓት ወደሚያስኬደው የወንድሙ መሬት ነዳ።

በአሥረኛው ቀን ሳዌ የሚባለው የምርመራ ባለሙያ የራሱን ጠርሙሶች ይዞ መጥቶ ቀዳ። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። መንደሩ "ይኸው፣ ቢርገን ሲሄድ ጠራ!" እያለ ጨፈረ። ሳዌ ግን ታፕራንዲችን ለብቻዋ ጠራት።

"እማማ፣ ናይትሬት በአሥር ቀን እንዲህ አይጠፋም። የፊተኛውን በምን ነበር የላኩት?"

ፊቷ ጋለ።

"በማዳበሪያ ጀሪካን። ግን አጥቤዋለሁ፣ ልጄ…"

"ፕላስቲኩ የያዘው እኮ በመታጠብ ሁሉ አይወጣም፤ ውሃው ውስጥ ይገባል። እኔ መዝገቤን አስተካክላለሁ፤ ለሰዉ እርስዎ ይንገሩ።"

ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ምንም ሳትናገር ተመለሰች። በሦስተኛው ሳምንት ቢርገን ዘንድ ወጣች። ላም እያለበ አገኘችው።

"አንተ አይደለህም ያበላሸኸው። እኔ ነኝ" አለችና ጠርሙሱንም ጀሪካኑንም ነገረችው።

እጁን ከላሟ ጡት አላነሳም። "ጉባኤ ፊት አዋረድሽኝ፤ ጉባኤ ፊት ንገሪያቸው።"

ነገረች። ከኋላ አንዷ "ለዘይት ስትል!" ብላ ሳቀች። ታፕራንዲች መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ወደደች። ጸሐፊነቱንም ያን ዕለት ለቀቀች።

የቢርገን ልጆች በረቱን መልሰው ሲሠሩ ሄዳ እንጨት ተሸከመች። ሽማግሌው አልከለከላትም፣ አላመሰገናትምም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አይነፍጋትም፤ ዓይኗን ቀድማ የምትሰብረው እሷ ናት።