ባሌ ከልብ ሐኪም ጋር ሲከራከር

ባሌ እዚህ በሰው አገር፣ ኮንዮ ኮንዮ በሚባለው ገበያ ጫማ ሲነግድ ኖሮ፣ መጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ አሜን ብሎ ተቀብሎ አያውቅም። ቶንፒንግ ሰፈር ያለው የልብ ሐኪም፣ የአገራችን ልጅ፣ ሦስት የልቡ ደም ሥሮች መጥበባቸውን ሲነግረውም፣ «በሁለት አይሆንም?» አለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪሙ ታግሶ አስረዳን። አዲስ አበባ ሄዶ ደረቱ ተከፍቶ ባይፓስ ቢሠራለት፣ ደሙ በአዲስ መንገድ ይሄዳል፤ እንደሱ ላለ የስኳር ሕመምተኛም የበለጠ ይበረክታል። ግን ሲጋራ የጨረሰው ሳምባው ቀዶ ጥገናውን ላይችለው ይችላል። ስቴንት የሚሉት ትንሽ የሽቦ ቱቦ ደግሞ በእጁ አንጓ በኩል ገብቶ የጠበበውን ይከፍትለታል፤ ባሌም ቶሎ ከአልጋ ይነሣል፤ ግን ሥሩ ቆይቶ መልሶ ሊጠብ ይችላል።

«ለእርስዎ ስቴንቱ ይሻላል» አለ በመጨረሻ።

«እሺ፣ የባይፓሱን ብርታት ጨምርበትና ልውሰደው።»

«ጋሼ፣ እንደሱ የለም።»

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ አንተም ትንሽ ጨምር፣ እኔም ሲጋራዬን ልቀንስ።»

«ሲጋራውማ በሁለቱም ይቆማል።»

ይሄኔ ባሌ ኮፍያውን አጥልቆ ውልቅ አለ። ገበያ ውስጥ እንዲህ ሲሄድ፣ ሻጩ ከኋላው «ና፣ ውሰደው!» ብሎ ይጣራል። እኔ ንድድ ብሎኝ በሩ ላይ ቆምኩ። እሱ ኮሪደሩ ጫፍ ደርሶ ዞረ፤ ጠበቀ። ሐኪሙ ግን ቀና ሳይል የስቴንቱን ማዘዣ ይጽፋል።

«አልጠራኝም እኮ» አለኝ። ፈርቶ ሳየው ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

አፌ ላይ የደረሰውን ስድብ ዋጥኩና እኔው ተጣራሁ፦ «ና፣ ውሰደው!»