የወፍጮው ሚዜ

ምጽዋ ወደብ ተሸካሚ ሆኜ ስሠራ በትከሻዬ ያላለፈ ነገር የለም፤ ስኳሩ፣ ሲሚንቶው፣ ጨርቁ። የማን ዕቃ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሙቀቱ ብቻውን ስለሚያናድደኝ ወሬ አልወድም ነበር።

አንድ ቀን ክሬኑ ከመርከቡ ሆድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን አወጣ። የመጋዘኑ ጸሐፊ ወረቀቱን አየና፣ "ያገርህ ነጋዴ ነው ያስመጣው። የእህል ወፍጮ ከነሞተሩ፤ ለሰቆጣ" አለኝ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሚስቴን ሰቆጣ ትቻት ስወጣ የሸኘኝ የድንጋይ ወፍጮዋ ድምፅ ነው። እኔ ከተኛሁ በኋላ ትተኛለች፣ ዶሮ ሳይጮኽ ተነስታ ትፈጫለች፤ ለእኛ፣ ለእናቴ፣ ለእንግዳው ሁሉ። ከተጋባን ጀምሮ ተኝታ አይቻት አላውቅም።

ካፖው፣ አለቃችን ማለት ነው፣ "መጋዘኑ ሞልቷል፤ ሳጥኑ ውጭ ይቀመጥ" አለ። ነጋዴው መኪና እስኪልክ ሳምንታት ይፈጃል፤ የባሕሩ እርጥበት ደግሞ ብረት አይምርም።

"ታዲያ ዝገት ልንልክላቸው ነው?" ብዬ ጮኽኩ።

"ቦታ ካገኘህለት አስገባው!" አለ እሱም ጮኾ።

ጓደኞቼን ለመንኩ። ምሳችንን ትተን የስኳሩን ጆንያ ወደ ላይ ከመርን፤ ጥግ ላይ ቦታ ተገኘ። መሬቱ ላይ እንጨት ደርድረን ሳጥኑን እየገፋን አስገባነው፣ ሸራም አለበስነው። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ሸራውን ገልጬ ሳላየው ሥራ አልጀምርም።

"ሚዜው መጣ! ሙሽራዋ እንዴት አደረች?" ይሉኛል።

"ከእናንተ ተሽላ!" እላለሁ። መኪናው መጥቶ ሲወስዳት ግን እነሱም እንደ ሙሽራ እልል እያሉ ሸኟት።

በዓመቱ ለፋሲካ አገሬ ገባሁ። ከኮረም በእግሬ ተጉዤ ማለዳ ቤቴ ደረስኩ። ግቢው ጭር ብሏል፤ የወፍጮ ድምፅ የለም። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ክፉ ክፉው ብቻ ታየኝ። ያን ሁሉ የደከምኩለትን ሳጥን ጭራሽ ረሳሁት። እናቴ በር ላይ ቆማለች።

"እማዬ፣ ሚስቴ ምን ሆነች?" አልኩ።

"ኧረ ቀስ በል፣ ትቀሰቅሳታለህ!" አለችኝ እያቀፈችኝ። "ትናንት ከሞተሩ ወፍጮ ቤት አስፈጭታ ገብታ ነው።"

በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ገባሁ። ፀሐይ ወጥታ እግሯ ላይ አርፋለች፤ እሷ ግን ተኝታለች። ሚስቴ እንደምታንኮራፋ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።