የአባቴ ቅኔና የፍላሹ ቫይረስ

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ከማንኩሳ መጥተው ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ተቀመጡ። ከትምህርት ቤት አስተምሬ ስመለስ፣ ከመምህራቸው በቃል የተቀበሏቸውን ቅኔዎች ይነግሩኛል፤ እኔ ሳሎን ባለው አሮጌ ኮምፒውተር እጽፋለሁ።

በጋውን ሙሉ እንዲህ ሠራን። ከዚያ ጥቂቱን በፍላሽ ይዤ ቡሬ ሄጄ አሳተምኩ፤ ስመለስም ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። በማግስቱ የጻፍነው ሁሉ የለም።

ኮምፒውተሩን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። አየት አደረገና፣ «ቫይረስ ነው። ፎርማት ላድርግልሽና ተገላገይ» አለኝ።

«የጻፍነውስ?»

«እሱማ ይጠፋል።»

«እንግዲያው አይነካም!» ኮምፒውተሩን ታቅፌ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ለአባቴ ስነግራቸው፣ «እንደገና እንዳልነግርሽ አንዳንዱ አሁን ኸሐሳቤ ወጥቷል» አሉኝ።

«አይጨነቁ አባባ፣ አወጣዋለሁ» አልኳቸው። እንዴት እንደማወጣው ግን አላውቅም ነበር።

ከባልደረቦቼ ሦስት ዓይነት ጸረ ቫይረስ በሲዲ ለመንኩ። አንደኛው መምህር ሊጥለው ያስቀመጠውን ኮምፒውተር አዋሰኝና፣ በኮምፒውተር የጻፍኳቸውን አሮጌ ፈተናዎቼን ሆን ብዬ በፍላሹ ቫይረስ እየበከልኩ ሦስቱንም በየተራ ሞከርኳቸው። የመጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ግን ቫይረሱን ከነፈተናዬ ጠራርጎ አጠፋው። ሁለተኛው ምንም አላገኘም፤ ለካ በየጊዜው ከኢንተርኔት ካልታደሰ አዲስ ቫይረስ አያውቅም። እቤቴ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ሦስተኛው ኮምፒውተሩን ክፉኛ ያንቀራፍፈዋል። ሆኖም ማደሻውን ከኢንተርኔት ቤት በሲዲ ቀድቶ መጫን ይቻላል፤ ከማጥፋቱ በፊትም ይጠይቃል። እሱን መርጬ ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ይጥፋ ወይ እያለ የሚጠይቀኝን እያነበብኩ መለስኩለት። ሲጨርስም ቅኔዎቹ አልታዩም። የተደበቁ ፋይሎችን ማሳያውን ስከፍት ግን ለካ ቫይረሱ ደብቋቸው ኖሮ፣ ደብዘዝ ብለው ተደርድረው አገኘኋቸው። ከአንዱ በቀር ሁሉም ተከፈቱ።

«አባባ፣ ተገኘ!»

አባቴ ወንበራቸውን ሳቡ። «እስቲ አንብቢው» አሉኝ። ማንበብ ስጀምር ግን ብዙም አላስኬዱኝም፤ «ቆይ፣ ይኸንን ቃል መጀመሪያም አሳስተሽ ጽፈሽዋል» ብለው አስቆሙኝና እርማቱን ጀመርን።