ቀኑ ያልሞላው በር

በሰፈሩ «እጀ ወርቅ» ይሉታል። ቅርጽ አውጪው ቅጽል ስሙን ወዶታል፤ እናቱ ካወጣችለት ስም ይልቅ በእሱ ሲጠሩት ፈጥኖ ይዞራል። ሰው ግን እንዲህ ያለ ስም ከወጣለት በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልበው ይኖራል።

ጡረታ የወጡት አዋላጅ ለቤታቸው መግቢያ ወፍ የተቀረጸበት በር ሲያዙት፣ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ የነበረው እንጨት ገና እርጥብ ነበር። ያውቃል። የደረቀ እንጨት ሲያንኳኩት ይጮኻል፤ ይሄኛው ድምፁን ይውጣል። ነገር ግን እርጥብ እንጨት ለመሮ ቅቤ ነው፤ እጁ አንዴ ቀመሰውና መመለስ አቃተው። የወፏ ክንፍ እስከዚያን ቀን ካወጣው ቅርጽ ሁሉ በለጠ። ላባዎቹ ነፋስ የነካቸው ይመስሉ ነበር።

በሩ ሊሰቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ከላይኛው ጠርዝ የተነሳ ስንጥቅ የወፏን ደረት አቋርጦ ወረደ። ሚስቱ ዐይታ፣ ሰጋቱራና ኮላ አቡክቶ እንዲሞላው መከረችው፤ ቀለም ካረፈበት ማን ያየዋል፣ የማያደርገውስ አናጢ ማን ነው? አቦካው። ጣቱን ነክሮ ስንጥቁ ድረስ ወሰደና ቆመ። ኋላ ተመልሶ ሲከፈት የሚናገረውን ከወዲሁ ተዘጋጅቶ አገኘው፦ «ፀሐይ መቶት ነው።» ሰበቡ ከጥያቄው ቀድሞ መድረሱ አስደነገጠው። እጁን ታጥቦ አዋላጇን አስጠራ።

ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። «ምነው፣ ምጥ ላይ ነህ እንዴ?» አሉት።

«እትዬ፣ እንጨቱ አልደረቀም ነበር። እያወቅሁ ነው የቀረጽሁት።»

«ለምን?»

«ሲቀርጹት ደስ ስለሚል። ያማረውም የተሰነጠቀውም ስለረጠበ ነው።»

ክንፉን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ቀኑ ሳይሞላ ነዋ ያዋለድከው። የደረቀው እንደዚህ ያምራል?»

«አይመስለኝም። ግን ይዘጋል።»

መዳፋቸውን ከክንፉ አነሱ። ከዚያ ነፋስ የሚያስገባ ውበት ምንም እንደማያደርግላቸው፣ ሌላ እንጨት እስኪደርቅ እንደሚጠብቁ፣ ወሬውን ግን ለጎረቤት ሳያካፍሉ እንደማያድሩ ነገሩት። ቃላቸውን ጠበቁ፤ ብዙም ሳይቆይ «እርጥቡ» እያሉ የሚጠሩት ተገኙ። መጀመሪያ አመመው፤ ኋላ ለዚህኛውም መዞር ለመደ። ሥራ ሊያዝ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ እንጨቱን ሲያንኳኳ ቆሞ ያያል።

ሁለተኛው እንጨት ታገለው። መሮው ቶሎ ቶሎ ይዶለዱማል፤ ክንፉ አጠረ፣ ላባዎቹም ግትር አሉ። በሩ የተሰቀለ ዕለት አዋላጇ ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፍተው ዘጉት።

«ያቺኛዋ ትበር ነበር» አሉ። «ይቺ ተቀምጣለች።»

«አዎ፣ ተቀምጣለች» አለ ቅርጽ አውጪው፤ ማጠፊያውን ዘይት እየቀባ።