የኦዳሊስ መያዣ

ኦዳሊስን መጀመሪያ ያየኋት ኦክላንድ አጠገብ ባለችው ሳን ሊያንድሮ ውስጥ በምሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ፣ አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ከአልጋ ወደ ወንበር ለማዛወር ስትታገል ነው። ፀጉሯ የሸበተ፣ ቁመቷ ከትከሻዬ የማያልፍ ሴት ናት። ላግዛት ቀረብ ስል ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስሜን አነበበችና በአማርኛ፣ ያውም በድሬዳዋ አማርኛ፣ «ያለምዘውድ! ቶሎ በይ እንጂ! እስክጥለው ነው እንዴ የምትጠብቂው?» አለችኝ። ሽማግሌውን ልጥለው የደረስኩት እኔ ነኝ። አንዲት ኩባዊት ተወልጄ ባደግሁበት ከተማ አነጋገር ስትቆጣኝ ምን ላድርግ?

ድሬዳዋ ሰው ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም «አንተ» እና «አንቺ» ይላል። አማርኛን ከዚያ ስለተማረች ኦዳሊስም የመጣውን ሁሉ «አንተ» ነው የምትለው። ከአዲስ አበባ የመጡት የሥራ ጓደኞቻችን ባለጌ ትመስላቸው ነበር። እኔ ግን በዚያው ቀን ወደድኳት።

ታሪኳን አንድ ላይ አልነገረችኝም። በምሳ ሰዓት ትንሽ፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ ትንሽ፣ እየቆረሰች ነው የሰጠችኝ። ካማጉዌይ በምትባል የኩባ ከተማ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ሕክምና ተምራ ስትጨርስ አብዮቱን የፈሩ ብዙ ሐኪሞች አገር ለቅቀው ሄደው ነበር። በከተማዋ ሆስፒታል ሕፃን ልጅ ኦፕራሲዮን የሚያደርግ አንድም ሰው አልነበረም። አንጀቱ ተዘግቶ የተወለደ ልጅ በመኪና ወደ ሃቫና ይጫናል፤ ብዙውም መንገድ ላይ ይቀራል። «እኔ ልሞክር» አለች። የቀሩት ሽማግሌ ሐኪሞች ሳቁባት። ሴት ናት፤ ጠረጴዛው ጋ ለመድረስ እንኳን ሳጥን ላይ ትቆማለች። ለአዋቂ የተሠራ መሣሪያና ከአባቷ የተማረችውን ቀጭን ስፌት ይዛ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሞቱባት። ይህን ሳትደብቅ ነው የምትናገረው። ቀስ በቀስ መዳን ጀመሩ፤ በኋላ እነዚያው የሳቁባት ሰዎች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘውላት መጡ።

በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ኩባውያን ወደ አገራችን ሲመጡ እሷም ድሬዳዋ ተመደበች። ዛሬም ጣቷ ላይ ያለው ቀለበት ነገር የተጀመረው እዚያ ነው። ቀዶ ሐኪም እጁን ከመታጠቡ በፊት ቀለበቱን ያወልቃል፤ ቆሻሻ ይይዛላ። ሌላው ሐኪም ኪሱ ይከተዋል። ኦዳሊስ ግን አንድ ቀን አንዲት እናት ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ «ልጄን የት ልትወስጂው ነው?» እያለች አልለቅ ስትላት፣ መልስ የምትሰጥበት ቋንቋ ስላልነበራት የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ሴትዮዋ ወዲያው ለቀቀቻት። መያዣ መሆኑ ገብቷታል። የወርቅ ቀለበቷን ጥላ የምትጠፋ ሴት አለች እንዴ? ወሬው ከተማውን አዳረሰና ከዚያ በኋላ ያለ ቀለበት ልጁን የሚሰጣት ጠፋ።

«ሁሉም መለሱልሽ?» አልኳት። የድሬን ልጅ አውቀዋለሁና።

ሳቀች። «ሳልጠይቃት የመለሰችልኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት» አለች። «ልጇ የሞተባት። ገና በሩን ከፍቼ ስወጣ ፊቴን አይታ አወቀች። እጄ ላይ አስቀመጠችና ‹ያንቺን እንኪ፤ የኔስ?› አለችኝ።»

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ሳን ሆዜ ያለች ልጇን ልትጠይቅ መጥታ ቀረች። እዚህ አገር ሐኪም ለመሆን እንደገና መፈተንና ከልጇ እኩዮች ጋር እንደገና ተለማማጅ መሆን ነበረባት። ያኔ ስድሳ ሊሞላት ነበር። ተወችው። ሐኪም እንደነበረች ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። «ድሮ እንትን ነበርኩ የሚል ሰው ኦክላንድ ሞልቷል» ትላለች። «እኔ የሚታዘንልኝ ሰው መሆን አልፈልግም።»

እንዲህ እያለን የጎረቤቶቼ ልጅ ታመመ። ወላጆቹ ከማለዲንና ራህመት ከእኔ በላይ ያለው አፓርትመንት ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ የወሎ ልጆች ናቸው፤ እሱ ታክሲ ይነዳል። የበኩር ልጃቸው ሙሰብ ከተወለደ ጀምሮ ሆዱ ይነፋል። የአንጀቱ መጨረሻ ነርቭ ስለሌለው ሰገራ አይገፋም፤ መፍትሔው ኦፕራሲዮን ነው ተባለ፤ ቀን ተቆረጠ። በቀጠሮው ቀን ግን ቀሩ። ሆስፒታሉ ቢደውል ከማለዲን ስልክ አላነሳም አለ።

«ያ ወጣት ሐኪም ቆሞ እኮ ነው የነገረኝ፣ እህቴ ያለምዘውድ! እናቱ ፊት!» አለኝ ሄጄ ስጮህበት። «ሪስኩ ይሄ ነው፣ ልጃችሁ ሊሞት ይችላል፣ አለን። ደግሞ ፈገግ ብሎ! ከዚያ ሳይን አድርግ ይለኛል። ልጄን ለሟርተኛ አልሰጥም።»

ከማለዲን ሞኝ አይደለም። እኛ ዘንድ እንኳን ለእናት፣ ለሩቅ ዘመድም ክፉ ነገር በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ቁጭ ተብሎ፣ ዙሪያውን ተኪዶ ነው። ሐኪሙም ሕጉ ያዘዘውን ነው የተናገረው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሙሰብ ሆድ ግን እየተነፋ ነበር።

ኦዳሊስን ለመንኳት። «እኔ ምን አግብቶኝ?» ብላ ፊቷን አዞረች። ትንሽ ቆይታ ግን «ትኩሳት አለው?» አለችኝ። እሑድ ከሰዓት ይዣት ሄድኩ።

ራህመት ሻይ አቀረበች። ኦዳሊስ አልጠጣችም፤ መዳፎቿን በብርጭቆው አሙቃ የልጁ ሆድ ላይ አሳረፈቻቸው። ሙሰብ ዓይን ዓይኗን አያት።

«ሐኪሞቹ እውነታቸውን ነው» አለች። «ከቆየ ይመረዛል። ውሰደው።»

«እርስዎ ምንድን ነዎት?» አለ ከማለዲን።

ወደ እኔ አየች። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ሽማግሌዎች የማጥብ ሠራተኛ ነኝ» አለች። «ድሮ ግን እንዲህ ያሉ ልጆችን ኦፕራሲዮን አደርግ ነበር። አገርህ ላይ ሳይቀር።»

«እንግዲያው እርስዎ ያድርጉለት! ለእርስዎ እሰጣለሁ፣ ወላሂ!»

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ የሚላት ሰው ሳትጠብቅ አልቀረችም። «አልችልም» አለች። «እዚህ አገር ሐኪም አይደለሁም። ያ ወጣት ሐኪም ከእኔ የተሻለ መሣሪያ አለው፤ ዓይኑም ከእኔ ይሻላል። የእኔ የልጅ ልጅ ቢሆን እሰጠው ነበር።»

«ይህንን በምን ልመን?»

ኦዳሊስ ቀለበቷን ያዘች። ሳበችው፤ አልወጣም። በሽተኛ በማንሳት ብዛት የጣቷ አንጓ አብጧል። ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደችና ቧንቧውን ከፈተች። መጀመሪያ ጣቷን ብቻ ነበር በሳሙና የምታሸው። ከዚያ መዳፏን፣ የጣቶቿን መሀል፣ ጥፍሮቿን፣ እስከ ክርኗ ድረስ አጠበች። ቀለበቱ ወጥቶ የዕቃ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ እሷ ግን አላቆመችም። ሲያበቃ ውኃው በክርኗ እንዲወርድ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ቆመች፤ ፎጣ የሚያቀብላት ሰው እየጠበቀች። የት እንዳለች የረሳች መሰለኝ።

ፎጣውን ያቀበለቻት ራህመት ናት።

«ይሄ መያዣ ነው» አለቻት ኦዳሊስ ቀለበቱን እጇ ላይ እያስቀመጠች። «ሙሰብ እስኪወጣ ያዢልኝ። እኔም በሩ ላይ አብሬሽ እቀመጣለሁ።»

ከማለዲን እነዚያን የታጠቡ እጆች ብዙ አያቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሆስፒታሉን ኮል አድርጊልኝ፤ ሌላ አፖይንትመንት ይስጡን» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሙሰብ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ራህመት ቀለበቱን አጥልቃ፣ በሌላኛው እጇ ሸፍናው፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተቀመጠች። ኦዳሊስ ግን መቀመጥ አቃታት። ተነሳች፤ በሩን አየች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ይሄን ያህል ይቆያል እንዴ?» አለችኝ።

«የምታውቂው አንቺ አይደለሽ?»

«ከውስጥ ሲሆን እኮ አጭር ነው» አለች።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ያ ወጣት ሐኪም ወጣ። ገና አፉን ሳይከፍት ኦዳሊስ ፊቱን አይታ ክንዴን ጨበጠች። ደህና ነው፤ እናቱ ገብታ ልታየው ትችላለች አለ። ራህመት «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጫማዋ አንደኛው እየወለቀ ሮጠች። ከማለዲን ጫማዋን አንስቶ ተከተላት። በሩ ተዘጋ።

ያን ጊዜ የኦዳሊስን ባዶ ጣት አየሁ። ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ነጭ መስመር ሆኗል።

«ቀለበትሽን ይዛው ገባች!» ብዬ ልጠራት ስነሳ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ተያት» አለች። እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። «ልጃቸው የዳነላቸው ሁሉም ይረሱታል። ድሬ ውስጥ በማግስቱ በየአልጋው እየዞርኩ ነበር የምለምናቸው።» ነጩን መስመር በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «ነገ መጥቼ አልጋው ድረስ ሄጄ እለምናታለሁ።»