ጤፍ ውስጥ የከረሙት እንቁላሎች

የየሺመቤት የወሊድ ፈቃድ ሰኞ ያልቃል። ሕፃኗን ፋናን ትታ ወደ ስፌት ፋብሪካው ላለመመለስ፣ ተስፋዋን ሁሉ ጎረቤቷ ኪንሲ ባዋሰቻት ታቃፊ ዶሮ ላይ ጥላለች። እቤቷ ሆና ዶሮ ልታረባ ነው። ባሏ ዘርዓብሩክ ግን «እንቁላሎቹ ሕይወት መያዛቸውን አሳዪኝና ሥራውን ትተዪዋለሽ» ብሏታል።

ዶሮዋ ከታቀፈች ሳምንት ሞላት። የሺመቤት ጨለማ እንዲሆንላት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ውስጡን ለማየት የስልኳን መብራት እንቁላል ላይ ደገነች።

«አባዮ፣ እህቴ!» ሳቀች ኪንሲ። «በዚህ በድሬዳዋ ሙቀት ብርድ ልብስ? አንቺም ልትፈለፈዪ ነው?»

የሺመቤት አልሳቀችም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ደም ስር ስትጠብቅ፣ ያየችው ቀይ ቀለበት ብቻ ነው። ፅንሱ ሞቷል። ሌላውን አነሳች፤ ያው ቀለበት። ሌላም፤ ያው።

«ዋላሂ፣ ዶሮዬ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም!» አለች ኪንሲ፣ ሳቋ ጠፍቶ።

የመጨረሻው እንቁላል ውስጥ ግን ጥቁር ነጥብ ትር ትር ትላለች፤ ዙሪያዋን ቀጫጭን ደም ስሮች። ይቺኛዋ ዶሮዋ በታቀፈችበት ጠዋት የተጣለችው ናት። ጤፍ ውስጥ አልገባችም።

የሺመቤት ያኔ ገባት። ሌሎቹን ደብረ ብርሃን ያለችው እናቷ በስልክ እንደመከረቻት ጤፍ ውስጥ እየቀበረች ነበር ያጠራቀመቻቸው። የእናቷ ጤፍ ቀዝቃዛ ነው፤ ሕዋሳቱ ዶሮ እስክትታቀፋቸው ይተኛሉ። የድሬ ጤፍ ግን የጋለ ቆርቆሮ ተደግፎ ነው የሚውለው። ትምህርት ቤት ሳለች ጫጩት ከአንዲት ሕዋስ እንደሚጀምር፣ ያቺ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት እንደሚከፈሉ ተምራለች። የሷዎቹ በሙቀቱ ነቅተው መከፈል ጀመሩ፤ የሚያዘልቃቸው እቅፍ ግን አልነበረም። ዶሮዋ ስትደርስላቸው ዝለው ነበር።

«እናቴን እንዴት ብዬ ልንገራት?» አለች።

«እሷ ምን አጠፋች? ድሬን አታውቃት።»

ማታ ዘርዓብሩክ ያቺን አንዷን አየ። «ነፍስ አላት» አለ ቀስ ብሎ። የሺመቤት ግን በአንዲት እንቁላል ሥራ እንደማይተው ስለገባት፣ ቀሚሷን ለሰኞ አዘጋጀች።

ሰኞ ማለዳ የጡቷን ወተት አልባ ለፋና በጠርሙስ አስቀመጠች። ለሚቀጥለው ዙር ያገኘቻቸውን አዲስ እንቁላሎች ቀዝቅዘው እንዲቆዩ በእርጥብ ጆንያ በተጠቀለለ እንስራ ውስጥ፣ ጥላ ሥር አኖረች። ፋናን ለኪንሲ ሰጠቻት።

«ጆንያው እንዳይደርቅብሽ አደራ።»

«ሂጂ አባዮ፣ ሁለቱንም እጠብቅልሻለሁ።»

ሰርቪሱ ፋብሪካው በር ላይ ሳይደርስ የጡቷ ወተት ፈስሶ ቀሚሷን አረጠበው። በነጠላዋ ሸፍና ወረደች።