ኅዳጉን ለካሁ፣ ገጹን አላነበብኩም

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ እዚሁ ሚዛን ከተማ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግን ማስመሪያ በያዝኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ማስመሪያን ምን አመጣው እንዳትሉኝ፣ እነግራችኋለሁ።

መምህር ነኝ። ከሚዛን ጎን ባለችው አማን ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ስለ እሷ አንድ ልብ ወለድ ጽፌያለሁ። ልብ ወለድ ይባል እንጂ እውነቱ ይበዛል። አባቴ እንደሞተ ወንድሙ የቡናውን ማሳ የኔ ነው ብሎ ከሰሳት። ያሏት ምስክሮች ችሎት ፊት ዞሩባትና ተፈረደባት። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፍርዱ ሲነበብ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ። ያንን ነገር ሰው እንዲያውቅላት ነው የጻፍኩት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

አምስት ደብተር ሞላሁና አዲስ አበባ ላለ አንድ አሳታሚ በአውቶቡስ ላክሁ። ከአራት ወር በኋላ ደብተሮቹ እንደታሰሩ ተመለሱ። ያሰርኩበት ሲባጎ እንኳ አልተፈታም። ላዩ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። በእጅ ጽሑፍ አንቀበልም። የፊደሉ መጠን አሥራ ሁለት። በመስመሮቹ መካከል አንድ ተኩል። ኅዳጉ በአራቱም በኩል ሁለት ሣንቲ ሜትር ተኩል። ምዕራፍ በአዲስ ገጽ ይጀምር። የገጽ ቁጥር ከታች መሀል ላይ። እስከ ሰኔ መጨረሻ ያልደረሰ ለከርሞ ይተላለፋል። ሰላምታ እንኳ የለውም።

ደሜ ፈላ። ሳያነቡ! አስተማሪዎች ክፍል ቁጭ ብዬ አሳታሚዎቹን ያላማሁበት ቀን የለም።

ምን ይደረግ፣ ደብተሮቹን ተሸክሜ ዘይነብ ዘንድ ሄድኩ። ዘይነብ ከጅማ የመጣች ሴት ናት፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ በረንዳ ላይ ኮምፒውተርና ፕሪንተር አስቀምጣ ማመልከቻና ውል ትጽፋለች። አሠራሯ ለየት ያለ ነው። ዓይኗ ከኮምፒውተሩ አይነቀልም። ተራ ከሚጠብቀው ሰው ማንበብ የሚችለው ጮክ ብሎ ያነብላታል፣ እሷ ትጽፋለች። የአንዱን ክስ ሌላው ያነባል። እዚያ በረንዳ ላይ ምስጢር የሚባል ነገር የለም።

በሳምንቱ ስመለስ ረቂቁ ታትሞ ጠበቀኝ። ገለጥኩት። ምዕራፍ አንድ፣ ከራስጌው በስተቀኝ ቀን ተጽፎበታል። ከሥሩ “ጉዳዩ፦ የምዕራፍ አንድ ታሪክን ይመለከታል” ይላል። ከሥሩም ተሰምሮበታል!

“ዘይነብ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“እጄ ለምዶ ነው፣ መምህር። ጉዳይ የሌለው ወረቀት ጽፌ አላውቅም።”

መሳቅ አማረኝ፤ ግን ለመሳቅም ጉልበት ይጠይቃል። ቀን የፈተና ወረቀት አርማለሁ፣ ከሥራ ስወጣ በዝናብ እሷ ዘንድ እሮጣለሁ። ጉዳዩን አጠፋችው። በማስመሪያ ለካሁ፣ ኅዳጉ ሦስት ሆኖ ተገኘ። አስተካከለችው። ለካሁ፣ የገጽ ቁጥሩ ጥግ ሄዷል። አስተካከለችው። መብራት ሄደ። መብራት መጣ፣ መስመሩ ጠበበ። አራት ጊዜ አመላለስኳት። ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሁሉም ልክ መጣና ላክሁ። እፎይ ብዬ ሁለት ቀን ተኛሁ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ስልኬ ጠራ። ከአሳታሚው የምትደውል ሴት ናት።

“መምህር፣ ረቂቅዎን አንብቤ ጨርሻለሁ” አለችኝ።

 አንብቤ ጨርሻለሁ! በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

“አንድ ያልገባኝ ነገር አለ” አለች ቀጥላ። “ምዕራፍ አሥራ አንድ ላይ ሴትዮዋ መሬቱ ይፈረድላታል። ምዕራፍ አሥራ ሁለት ላይ ጓዟን ጠቅልላ እያለቀሰች ትወጣለች። ካሸነፈች ምን ሆና ነው የምትሄደው?”

“አላሸነፈችም” አልኳት።

“ኧረ አሸንፋለች፣ መምህር። ሰው ሁሉ እልል ብሎላታል።”

እኔ ዘንድ የቀረውን ኮፒ አገላበጥኩ። እውነትም! “ማሳው የተከሳሽ መሆኑን ፍርድ ቤቱ አረጋግጧል” ይላል፣ ጥርት ባለ የችሎት አማርኛ። ቀጥሎ እልልታ። ኅዳጉ ሁለት ሣንቲ ሜትር ተኩል። ያንን ገጽ ስንት ጊዜ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ግን አላነበብኩትም።

ጃንጥላም አልያዝኩ፣ በዝናቡ ዘይነብ ዘንድ ደረስኩ። “ማን አዘዘሽ?” ብዬ ጮህኩባት፣ ሰው ፊት። አሁን ድረስ አፍርበታለሁ።

ዘይነብ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች። “ያን ገጽ ያነበቡልኝ ከቱም የመጡ ሽማግሌ ናቸው” አለችኝ። “እሳቸውም በመሬት ተከሰው ነው፣ በማግስቱ ቀጠሮ ነበራቸው። ፍርዱ ላይ ሲደርሱ አቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ደብተሩን መለሱልኝ። ‘ይህቺን አላነብም’ አሉ።  ከዚያ አንዷ ‘ለምን ይፈረድባታል? አይፈረድባትም!’ አለች። ሁሉም አይፈረድባትም አሉ፤ እልልታውንም ጨምሬ እንዳሉት ጻፍኩ። ወላሂ መምህር፣ ነገ ቀጠሮ ያለው ሰው ፊት ተፈረደባት ብዬ ልጽፍ እጄ እንቢ አለኝ። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። አንተም ኅዳግ ኅዳግ ስትለኝ ጊዜ ረሳሁት።”

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። “ሽማግሌውስ?” አልኳት።

“ለጥቅምት ተቀጠሩ።”

ገጹን እንደ ድሮው፣ እንደ እውነቱ አድርጋ ጻፈችልኝ። እኔ አነበብኩላት። ያን ቀን አንድም ነገር አልለካሁም።

ቤት ስገባ እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ዝናቡን ታያለች። ስለዚያ ማሳ ማውራት አትወድም፤ መጽሐፉንም አንብብልኝ ብላኝ አታውቅም። ያን ቀን ግን የሆነውን ነገርኳትና የተበላሸውን ገጽ አነበብኩላት። እስከ እልልታው ሰማችኝ።

“ይህን ያሉት ምናችን ናቸው?” አለችኝ።

“ምንም። ፍርድ ቤት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው።”

“ስሜን ያውቁታል?”

“አያውቁትም፣ እማዬ።”

ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። “ያኔ ምስክሮቼ እነሱ በሆኑ” አለች።

 ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጣጥፋ፣ የዚያን ማሳ የግብር ደረሰኝ ከምታስቀምጥበት ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ማንበብ አትችልም።

ከአሳታሚው እስካሁን መልስ የለም። የተስተካከለው ገጽ ደርሶናል አሉ፣ በዚያው ቀሩ። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል፤ ሌላ ቦታ ልኬ ሌላ ኅዳግ የምለካበት አቅም የለኝም። ሳያነቡኝ መለሱልኝ ብዬ የማማውን ሐሜት ግን ትቻለሁ። የገዛ እናቴን ፍርድ ሳላነብ በፖስታ አሽጌ የላክሁ እኔ ነኝ። ሰው እንዲያውቅላት ነበር ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩት፤ እኔ ወረቀት ስለካ እነዚያ ሰዎች በረንዳ ላይ ቆመው መሰከሩላት።